በእትዬ ስም

ጥፋቱ የተሠራው እትዬ ምሳውን እያሞቀችለት ሳለ ነው። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህቺ ባትኖርበት፣ ደመናውን ትንሽ ይቀለው ነበር። እሷ ጓዳ ገብታ የትናንቱን ፓስታ ምድጃ ላይ ታገላብጥለታለች፤ እሱ የእሷ ወንበር ላይ ተንፈላሶ፣ የእሷን ኮምፒውተር እየነካካ ጉድ ይሠራል።

ደመናው እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጡለት አጎቱ ጋሼ ናቸው፤ ያውም ለማሾፍ። ቤተሰቡ አራት የቤት ዕቃ ሱቆች አሉት፤ ድስት፣ ፔርሙዝ፣ ባልዲ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ የሚሸጥባቸው። ድሮ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ኮምፒውተር ነበረው፣ አንዱ የሌላውን ጉዳይ አያውቅም። የላይኛው ሱቅ "ፔርሙዝ አልቋል" ብሎ ደንበኛ ሲመልስ፣ የታችኛው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ፔርሙዙ አቧራ ጠጥቶ ይቀመጣል። ደመናው ይህን አይቶ አላስቀምጥ አላስተኛ አለ። "ሁሉንም ክላውድ ላይ እናድርገው" አለ። ጋሼ ክላውድ ማለት ደመና መሆኑን ሲሰሙ፣ "እና ድስቶቼን ሰማይ ላይ ልትሰቅልልኝ ነው? ሲዘንብስ?" አሉ።

ድስቱ እዚሁ እንደሚቀር፣ ክላውድ የሚባለውም ሩቅ ቦታ ያለ የተከራዩት ትልቅ ኮምፒውተር እንደሆነ፣ አራቱም ሱቆች ዕቃውንም ዋጋውንም ከእዚያ ላይ እኩል እንደሚያዩ እስኪያስረዳ አፉ ደረቀ። "ደግሞ ማን ምን እንደነካ በሙሉ ይመዘግባል። አይረሳም፣ አይዋሽም፣ አያዳላም" አላቸው። ጋሼ ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡና እሺ አሉ። እሺ ሲሉ ግን እንዲሁ አላሉም።

"አንድ ቀን ይህ ነገርህ ያዋረደን እንደሆነ፣ የድሮዎቹን ኮምፒውተሮች ከመጋዘን አስወጣለሁ። አንተም ደመናህን ይዘህ ውልቅ ትላለህ።"

እትዬ ግን ከሁሉ ቀድማ ተማረችው። "ልጄ ያመጣው ነገር ነው" እያለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነች። ልጄ የምትለው ወልዳው አይደለም። እናቱ የእሷና የጋሼ ታናሽ እህት ነበረች፤ ገና በሕፃንነቱ ስትሞትበት እትዬ አንስታ አሳደገችው፣ ለራሷም ሳትወልድ ቀረች። ለጋሼ ታላቅ እህታቸው ናትና "እትዬ" ይሏታል፤ ከእሳቸው ሰምቶ እሱም፣ ሠራተኛውም፣ ደንበኛውም እትዬ አላት። ዋናው ሱቅ ውስጥ ከበሩ ትይዩ ያለው ከፍ ያለ ወንበር የእሷ ነው። ሰው ሲገባ "እትዬ አለች?" ብሎ ነው የሚገባው፤ ዕቃ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሲስተሙ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ፣ ማለትም የራሱን ስምና የምስጢር ቁጥር፣ መስጠት ይገባ ነበር። ደመናው "ለጊዜው" አለ፤ ዋናው ሱቅ በእትዬ ስም ተከፈተ። ጠዋት እሷ ትከፍተዋለች፣ ማታ እሷ ትዘጋዋለች፣ መሀል ላይ የነካው ሁሉ በእሷ ስም ይነካዋል። ረዥሟ የሚሏት ሻጭ አንዴ፣ "ለእኛስ መግቢያ አይሰጠንም?" ብላ ብትጠይቀው፣ "ለአንድ ባልዲ ብለሽ እትዬን ከስሟ ልታስወጫት ነው?" ብሎ ቀለደባትና አለፈ። እውነትም እትዬን ውጪልኝ የሚል ደፋር አልነበረም። ለጊዜው የተባለው ነገር እንደ ልማዱ ቋሚ ሆኖ ቀረ።

ያን ቀን ሻጮቹ ምሳ ወጥተዋል። የሞተር ሳይክል ቆቡን በብብቱ የያዘ አንድ ሰው ገብቶ፣ ጥጉ የተተረተረ ብርድ ልብስ አነሳና "ይቺን ቀንሱልኝ" አለ። ደመናው ችኩል ነው፤ ሲወለድም ያለ ወሩ ነው ይባላል። ኮምፒውተሩ ላይ ለአንድ ዕቃ ብቻ ዋጋ የሚቀነስበት ቦታ ሌላ ነው። እሱ ግን የብርድ ልብሱን ዋናውን ዋጋ ከፈተ፣ ከግማሽ በታች አወረደው፣ ለሰውየው ሸጠለትና መልሼ ላስተካክል ሲል ስልኩ ጠራ። ስልኩን ሲጨርስ እትዬ ሳህኑን ይዛ መጣች።

"ጨው አነሰው እንዴ?"

"ኧረ ግሩም ነው።"

በላ፣ አፉን ጠረገ፣ ጉንጯን ስሞ ወጣ። የብርድ ልብሱ ነገር ከሐሳቡ ድራሹ ጠፋ።

ድሮ ቢሆን ጥፋቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይሞት ነበር። አሁን ግን አንዱ ጋ የተነካው ዋጋ አራቱም ጋ ወዲያው ነው የሚደርሰው። ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ "ይህቺን ቦታ የነካ ወዮለት" ብሎ ያስጠነቀቀው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ነበር። ታችኛው ሱቅ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍት የተዘጋጀ ነጋዴ ገባ፣ ዋጋውን አየ፣ ዓይኑን አሻሸ፣ ድጋሚ አየ፣ ከዚያ የጭነት መኪና ጠራ። የታችኛው ሱቅ ኃላፊ ትንሽ ጠርጥሮ ነበር። ግን "ኮምፒውተሩ ያለውን ስጡ፣ አትከራከሩት" ተብሎ የተማረ ሰው ምን ያድርግ? ከላይኞቹ ሱቆች ሳይቀር አስመጥቶ ጫነለት። ብርዱ በር ላይ ቆሟል፣ ለብርዱ ተብሎ የመጣው ብርድ ልብስ ሁሉ ግን ከሰዓት በኋላ ተጠራርጎ ሄደ።

ወሬው ደመናው ጋ ደረሰ። ወዲያው ገባው፤ ቆቡ፣ የተተረተረው ጥግ፣ ስልኩ፣ ሁሉም ዓይኑ ላይ መጣ። እየተንደረደረ ዋናው ሱቅ ሲደርስ ጋሼ ጓዳ ውስጥ ሰዉን ሰብስበው ቆመዋል። እትዬም አለች፤ የእሱን የምሳ ሳህን ገና አላጠበችውም፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል።

"ማነው?" አሉ ጋሼ። "ያ ነገርህ ሁሉን ይመዘግባል ብለኸን የለ? ክፈተውና አሳየን።"

ይኸው፣ አሁን አፉን ቢከፍት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሊከፍትም አስቦ ነበር፣ አንበድለው። "እኔ ነኝ" የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ፣ የጋሼን ፊት ሲያይ ተመልሶ ወረደ። እስኪ መጀመሪያ ልክፈተውና እነግራቸዋለሁ አለ በሆዱ። ከፈተው። ጋሼ በትከሻው ላይ አጎንብሰው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ዋናው ሱቅ፣ የምሳ ሰዓት፣ የብርድ ልብስ ዋጋ ለውጥ፣ በእትዬ።

ሁሉም ወደ እትዬ ዞሩ።

"እኔ?" አለች እትዬ።

ጋሼ ቀና አሉ፤ ንዴታቸው ከፊታቸው ላይ ተገፎ ሌላ ነገር መጣበት። ደመናው ያንን ፊት ያውቀዋል። የእትዬና የጋሼ እናት፣ የእሱ አያት፣ በመጨረሻ ዘመኗ የወለደቻቸውን ልጆች "የማን ልጆች ናችሁ፣ ቤታችሁ አይፈልጓችሁም?" እያለች ነው የሞተችው። እትዬ ስታስታምማት ኖራለች። ሞትን አልፈራም፣ እንደ እሷ መሆንን ግን እፈራለሁ ትላለች ሁልጊዜ። ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች በጠፋት ቁጥር ደረቷን ትይዛለች።

"ጥጉ የተተረተረው ብርድ ልብስ የለም፤ ጠዋት እዚህ ነበር" አለች ረዥሟ ቀስ ብላ፣ ልትረዳት ፈልጋ።

እትዬ ግንባሯን ቋጠረች። "የተተረተረው... አዎ። አንዲት ሴት ነበረች መሰለኝ። ልጅ ያዘለች። ቀንሺልኝ አለችኝ መሰለኝ።" ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እኔ ነኝ ለካ። ውይ በሞትኩት! እኔ ነኝ።"

ልጅ ያዘለች ሴት አልነበረችም። ደመናው ሰውየውን ከነቆቡ፣ ከነጺሙ ያየዋል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጋሼ ግን የእህታቸውን ትከሻ አቅፈው፣ "ይሁን፣ ዕቃ ነው፣ ይተካል" አሉና ሰዉን በተኑት። ስለ ደመና፣ ስለ ድሮ ኮምፒውተር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ደመናውን፣ አምላክ ይቅር ይበለውና፣ በዚያች ቅጽበት ከጭንቀቱ በታች እፎይታ ቢጤ ተሰማው። በኋላ ራሱን በጣም የጠላው በዚያች እፎይታ ነው።

ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ሲመጣ እትዬ ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ወንበሩን ለረዥሟ ለቃ፣ ሳህን በሚጠቀለልበት ጥግ ጋዜጣ እያጠፈች አገኛት። ኮምፒውተሩን ዞር ብላ አታየውም። ደንበኛ "እትዬ፣ ያቺ ትልቋ ድስት ስንት ነች?" ሲላት፣ ድሮ ሳትሰማው የምትመልሰውን ነገር "እሷን ጠይቃት" ትለዋለች። ብቻዋን ስትሆን ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ደመናው ጆሮውን ጣል ቢያደርግ፣ የጎረቤቶቹን ልጆች ስም ከትልቅ እስከ ትንሽ እየጠራች ራሷን ትፈትናለች። አንዱ ሲጠፋት ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

እህል አልወርድ አለው። ያም አላዳነው፤ "ምነው ከሳህብኝ? በእኔ ነገር አትጨነቅ፣ እርጅና ነው" ብላ ታጽናናዋለች። አጽናኚው ማን፣ ተጽናኚው ማን! እሱ ዓይኖቿን ማየት አቅቶት ጫማውን ያያል።

ሐኪም ዘንድ ውሰደኝ ያለችውም እሱን ነው። ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች። "ሦስት ቃላት እነግርዎታለሁ፣ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ" አለቻትና ወንበር፣ ሎሚ፣ ድልድይ አለች። ትንሽ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጉልበቷ አወራርታት ስትጠይቃት እትዬ፣ "ወንበር... ሎሚ..." አለችና ቆመች። መዳፏን ጉልበቷ ላይ ታሻሻለች። ወደ ደመናው ዞረች፤ ልጅ ሆኖ ፈተና ሲወድቅ እሱ እሷን ያይ እንደነበረው። እሱም ቢያስስ ሦስተኛው ቃል የለም። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ሐኪሟ ይህ ብቻውን ምንም ማለት እንዳልሆነ፣ ሰው ሲደነግጥ እንደሚረሳ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግመው እንደሚያዩት ነገረቻቸው። እትዬ የሰማችው "ደግመን እናያለን" የሚለውን ብቻ ነው።

ደረጃውን እየወረዱ ሳለ ድንገት መጣለት። "ድልድይ" አለ።

"አየህ፣ አንተ ታውቀው ነበር።"

"እኔም ጠፍቶኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።"

"ተወኝ እስኪ" አለች፤ ክንዱን ይዛ ሳቀች። ሳቋ አንጀቱን በላው።

በዚያ ሳምንት ማብቂያ ላይ እትዬ የዋናውን ሱቅ ቁልፍ ለጋሼ ልትመልስ እንደሆነ ሰማ። ጋሼም "ትረፍ፣ ይበቃታል" ብለዋል አሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ከእንግዲህ የኩራት ጉዳይ እንዳልሆነ ገባው። ደመናው ያንን ወንበር ያለ እትዬ አያውቀውም። በልጅነቱ የቤት ሥራውን የሠራው ከወንበሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው። ሴትየዋ በቁሟ፣ ጤነኛ አእምሮዋን በገዛ እጇ ልትቀብር ነው፤ የሚቆፍርላት ደግሞ እሱ። ጋሼ ያባርሩኝ፣ ሲስተሙም ገደል ይግባ አለና ቤት ሄደ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። አልተቀመጠም።

"እትዬ፣ የብርድ ልብሱን ዋጋ የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

ቢላዋዋ ቆመች። "ምን አልክ?"

"አንቺ ምሳዬን ስታሞቂ። ሰው መጣ፣ ቀንስልኝ አለኝ፣ በስህተት የሁሉንም ቀየርኩት። መመለስ ነበረብኝ፣ ረሳሁት። የረሳሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ምንም አልሆንሽም። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ጋሼን ፈርቼ።"

ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገረና ጥፊውን ጠበቀ። ጥፊ ብታቀምሰው እንዴት በተመቸው! እትዬ ግን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ እሱ መጣች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አይታወቅም።

"የኔ ጌታ" አለችው። "እናትህም እንዲህ ነበረች። እኔ ብርጭቆ ስሰብር፣ እሷ 'እኔ ነኝ' ብላ ትገረፍልኝ ነበር።"

"እትዬ፣ እውነቴን እኮ ነው!"

"ሴትየዋን አስታውሳታለሁ እኮ። ልጁን በቢጫ ፎጣ ነው ያዘለችው። ቀንሺልኝ ስትለኝ አንጀቴን በላችው።" መሰለኝ የሚለው ቃል ከንግግሯ ወድቆ፣ ባዶ ቦታው ላይ ቢጫ ፎጣ ገብቶበታል።

"ሴት አልነበረችም! ወንድ ነው። የሞተር ቆብ ይዟል።"

"እሺ" አለች፣ ለታመመ ልጅ እንደሚባለው። "እስኪ ያን መዝገብህን ክፈተው።"

ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። በእትዬ ይላል። ዋናው ሱቅ፣ የምሳ ሰዓት፣ በእትዬ። ሁሉም ሰው በእሷ ስም ይሠራ እንደነበር፣ ይህም የእሱ ስንፍና እንደሆነ፣ ስሟ እዚያ ላይ መኖሩ ምንም እንደማያረጋግጥ ለማስረዳት ሞከረ። ሲናገረው ለራሱ ጆሮ እንኳ የተፈበረከ ሰበብ መሰለ።

"አይረሳም፣ አይዋሽም፣ አያዳላም። ያልከን አንተው አይደለህ?" አለች። "ያስተማርከን አንተ ነህ፣ እንዲህ ያለ ስህተት አንተ አትሠራም። አሁን ተወው። እኔ ተቀብየዋለሁ፣ አንተም ተቀበለው።"

ወደ ጋሼ በረረ። ጋሼ ከዳር እስከ ዳር አዳመጡት። እየተናገረ ሳለ የፊታቸው መለሳለስ አስፈራው። ሲጨርስ ተነሥተው አንገቱን አቅፈው ሳሙት።

"ስቄብህ ኖሬአለሁ፣ ደመናው እያልኩ። ሰው ነህ ለካ። የእሷን ስም ለማዳን ያን የምትወደውን ነገርህን ሳይቀር ልትሰጠኝ መጣህ።"

"ጋሼ፣ ይስሙኝ እንጂ! ውሸት አይደለም የምነግርዎት።"

"ሰምቼሃለሁ። ካሁን በኋላ ስለ ድሮ ኮምፒውተር አላነሳብህም፣ ቃሌ ነው። እሷ ግን ትረፍ። እናታችንን አይቻለሁ፤ እንዲህ ነው የሚጀምረው።"

ሰው ውሸቱን አላምን ሲሉት ይናደዳል፤ እውነቱን ተናግሮ ተስሞ ሲመለስ ምን ይሁን? ደመናው እንደ ተገረፈ ሰው መንገዱን ይዞ ሄደ። ለረዥሟ ነገራት፣ እሷም "እግዜር ይስጥህ፣ የሚያሳሳ ልብ አለህ" አለችው። ባለ ቆቡን ሰው ፍለጋ በሱቁ አካባቢ ያሉ የሞተር ሳይክል ጠጋኞችን ሁሉ አዳረሰ። ጺም ያለው ቆብ የያዘ ሰው እንደሆነ በየመንገዱ ሞልቷል።

በመጨረሻ ማድረግ ከነበረበት ጊዜ በጣም ዘግይቶ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየስሙ መግቢያ ከፈተ። ለረዥሟ፣ ለኃላፊዎቹ፣ ለራሱ። የቀረው የእትዬን ስም መዝጋት ነበር። እትዬ ያን ጠዋት ለመሰናበት መጥታ ነበር፤ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ወንበሩን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችለት።

"በል አጥፋኝ፣ እያየሁ" አለችው። "ሌላ ሰው በስሜ ሲሳሳት ደግሞ እኔ ላይ እንዳይላከክ።"

ራሷ በቀልዷ ሳቀች። እሱ መሳቅ አልቻለም። ሲስተሙ፣ እትዬ ከእንግዲህ መግባት አትችልም፣ እስካሁን የሠራችው ሁሉ ግን በስሟ ተመዝግቦ ይኖራል፣ ልቀጥል? ብሎ ጠየቀው። ጣቱን አሳርፎ ቆየ። እትዬ ከጀርባው ሆና ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ተጫነው።

በሩ ላይ ስትደርስ ተመለሰች። ረዥሟ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

"አንድ ቀን፣ የማን ልጅ ነህ ያልኩህ እንደሆነ እንዳትቀየመኝ። ያንቺ ነኝ በለኝ። አንተ ካልከኝ አምንሃለሁ።"

"እሺ" አላት።